ለአዋቂ ኤዲኤችዲ ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ የት መታየት፣ በምን መታከም ይሻላል?

የቀጠሮ ካርዱ ላይ «8:00» ተብሎ ተጽፏል። በጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ምሳዬን በላሁ፣ ቡናዬን ጠጣሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ «ዛሬስ ቀድሜ ደረስኩ» እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ። ለካ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ሐኪሙ ወጥቷል፤ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ለምንም።

የሄድኩት እኮ ለመርሳትና ለማርፈድ መድኃኒት ፍለጋ ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ኤዲኤችዲ (ADHD)፣ ማለትም ትኩረትን የመምራትና ራስን የመግታት ችግር፣ እንዳለብኝ የተነገረኝ በ36 ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ የሚመጣ ወዳጅ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል። አማኑኤል ልሂድ ወይስ ግል? እዚሁ አይታዩም? መድኃኒቱ ሱስ አያሲዝም? ጫት ያው አይደል እንዴ? መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ሰሜን ሸዋ ስል በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በሸዋ ሮቢትና በምንጃር በኩል ያለነውን ማለቴ ነው። በፍቼ በኩል ያላችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ መመዘኛው ግን ለእናንተም ይሠራል።

ስለ ምን እንደምናወራ

ኤዲኤችዲ ከልጅነት የሚጀምር፣ ትኩረትን የመምራት፣ ራስን የመግታትና አንዳንዴም አለመረጋጋት የሚታይበት የአእምሮ አሠራር ችግር ነው። በቤተሰብ የመውረስ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው። በዓለም ደረጃ በስፋት የሚጠቀሰው ግምት ከ100 አዋቂዎች 2 ወይም 3 ያህሉ እንዳለባቸው ነው። እኛ ጋ ስሙ ሌላ ነው። ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ፣ ቅብጥብጥ ይባላል። ሁሉን ጀምሮ ምንም የማይጨርስ ሰው ሲሆን ደግሞ «ዓይነ ጥላ አለበት» ይባላል።

አዋቂ ላይ ሩጫውና ዝላዩ ይቀንሳል። የሚቀረው ውስጥ ውስጡን መቅበጥበጥ፣ ዕቃ መጣል፣ ቀጠሮ መርሳት፣ ሰው ሳይጨርስ ማቋረጥ ነው። እኔ የዱቤ ደብተር ሦስት አለኝ። ሦስቱም ግማሽ ግማሽ ናቸው። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዝም ያለ መዘንጋት ስለሆነ፣ ልጅ ሆነው ማንም ሳያስተውላቸው ያልፋሉ።

ሐኪሞች የሚሠሩበት መስፈርት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ 9 የትኩረት ምልክቶችና 9 የመቅበጥበጥና የችኮላ ምልክቶች ይዘረዝራል። ከ17 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ከአንዱ ዝርዝር ቢያንስ 5 ያስፈልጋል። ለልጅ 6 ነው። ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው። ከፊሎቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው። ከአንድ በላይ ቦታ መታየት አለባቸው፤ ሥራ ቦታ ብቻ ከሆነ ችግሩ አለቃው ሊሆን ይችላል። ኑሮን ማወክም አለባቸው። በሌላ ሕመም የተሻለ የሚገለጹ መሆን የለባቸውም።

የደም ምርመራ የለውም። የጭንቅላት ፎቶም አያሳየውም። «ሲቲ ስካን ተነስተህ ና፣ ኤዲኤችዲህን እናያለን» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቦታ ከመምረጥ በፊት መመዘኛው

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ጎበዝ ሐኪም ማነው?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን የማስቀድመው ጥያቄ «ስድስት ጊዜ ልመላለስበት የምችለው ቦታ የቱ ነው?» የሚለው ነው። ኤዲኤችዲ በአንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለመለየት ብቻ አንድ ወይም ሁለት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። መድኃኒት ከተጀመረ መጠኑ እስኪስተካከል በየጥቂት ሳምንቱ መታየት አለ። ከዚያም ክትትል ይቀጥላል። በሽታው ደግሞ የሚያጠቃው ይህንኑ መመላለስ ነው። ስለዚህ የካርድ ዋጋ አታወዳድሩ። ጉዞን በስድስት አባዙና አወዳድሩ፤ የጠፋ የሥራ ቀን ጨምሩበት።

ሁለተኛው መመዘኛ የሚያየው ሰው ነው። ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ይለያል፣ መድኃኒትም ያዛል። የአእምሮ ጤና ነርስና በዘርፉ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ባለሙያም ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ሕሙማን ያያሉ። ሳይኮሎጂስት የንግግር ሕክምና ይሰጣል እንጂ መድኃኒት አያዝም። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ገብተው «መድኃኒት ከለከለኝ» ብለው የሚያማርሩ አሉ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ስለ ልጅነታችሁ፣ ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ መጠጥና ጫት፣ ስለ ሐዘንና ጭንቀት ሳይጠይቅ በአምስት ደቂቃ «አለብህ» ወይም «የለብህም» የሚል ሰው መርምሯችኋል ማለት ይከብዳል።

አራተኛው የመድኃኒቱ መቀጠል ነው። ዛሬ ተገኝቶ የዛሬ ወር የሚጠፋ መድኃኒት፣ ወይም መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚያልቅ መድኃኒት፣ በወረቀት ላይ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም።

አምስተኛው ገመና ነው። ትንሽ ከተማ ነው ያለነው። ከአእምሮ ክፍል በር ላይ ተራ ስትጠብቁ የጎረቤት ልጅ ካየቻችሁ ማታ ሰፈር ያውቃል። ይህን እንደ ተራ ነገር የሚያልፍ መመሪያ አዲስ አበባ ተቀምጦ የተጻፈ መሆን አለበት።

ቦታዎቹን አንድ በአንድ

*ስልክ ላይ ራስን መፈተሽ።* ቲክቶክ ላይ ቁልፉን የረሳ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት። እሱን ተዉት። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተዘጋጀ 18 ጥያቄ ያለው የአዋቂዎች መጠይቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ 6 ጥያቄዎች ማጣሪያ ናቸው፤ ከእነሱ 4ና ከዚያ በላይ ከተገኘ ወደ ሐኪም መሄድ ተገቢ ነው ይባላል። ጥርጣሬን እንጂ በሽታን አይናገርም። እንቅልፍ ያጣች የጨቅላ እናትም 5 ልታገኝ ትችላለች። ነጻ ነው፣ ማንም አያይም። ለመጀመሪያ እርምጃ ይበቃል፣ ለመጨረሻ አይበቃም።

*የአካባቢ ጤና ጣቢያ።* እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና ካላቸው፣ በዋነኝነት በድብርት፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በሚጥል በሽታና በሱስ ላይ ነው። የአዋቂ ኤዲኤችዲን እንዲለዩላችሁ አትጠብቁ። ግን ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ደም ማነስን ይመረምራሉ፣ ደም ግፊት ይለካሉ፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ጥርጣሬ ካለም ይልኳችኋል። እንቅርት ባለበት ደጋ አገር ታይሮይድን ሳያዩ «ቀልብ የለኝም» ማለት ችኮላ ነው። ሁለተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር የሚጻፈው እዚህ ነው። ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

*ደብረ ብርሃን ያለው ሪፈራል ሆስፒታል።* ዛሬ ስሙ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆኗል፤ ሰዉ ግን አሁንም ሪፈራል ነው የሚለው። የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አለው። ለአብዛኛው የዞናችን ሰው ሚዛኑ የሚደፋው ወደዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ይልቅ ቅርብ ነው፣ መድኑ ይሠራል፣ ቀጠሮ ብትረሱ በማግስቱ ሄዳችሁ መለመን ትችላላችሁ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ወርቅ ነው። ድክመቱ ደግሞ ወረፋው የበዛ፣ ባለሙያው የተጨናነቀ መሆኑ ነው፤ ብዙው ታካሚ የሚመጣው በከባድ ሕመም ነው። ቁጭ ብላችሁ «እረሳለሁ» ስትሉ ቀላል ነገር የያዛችሁ ልትመስሉ ትችላላችሁ። መድኃኒቱ ያለው እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የሚያውቃችሁ ሰው የማየቱ ነገርም አለ። እኔ መጀመሪያ የሸሸሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የምከታተለው እዚሁ ሲሆን፣ አንዴ ወረፋ ላይ ያገኘሁት ደንበኛዬ ከእኔ በላይ ደንግጧል።

*አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ሆስፒታል።* አማኑኤል የአገሪቱ አንጋፋ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የስፔሻሊስት ብዛት ያለው እዚያ ነው። ነገሩ ሲወሳሰብ፣ ለምሳሌ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ነው ወይስ ኤዲኤችዲ የሚለው ሲያከራክር፣ ወደዚያ መላክ ተገቢ ነው። «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ ሆኖ ስላደግን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ በሩ ላይ ያለው ሰው ግን እንደማንኛውም ሆስፒታል ካርዱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ነው። ችግሩ ርቀቱ ነው። ለደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከሸዋ ሮቢት ከሆነ ጣርማ በርን ወጥቶ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ከሆነ ደግሞ ማደር ግድ ነው።

*አዲስ አበባ፣ የግል ክሊኒክ።* ጊዜ የሚገዛው እዚህ ነው። ሐኪሙ ተረጋግቶ ይጠይቃል፣ ገመና ይጠበቃል። ዋጋው ከመንግሥት ብዙ ይበልጣል፤ ጤና መድናችሁንም አይቀበሉም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። «አዋቂ ኤዲኤችዲ ታያላችሁ?» እና «ክትትሉ በስልክ ይሆናል ወይስ በአካል ብቻ?» ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋውን ሊቀንሰው ይችላል። በአካል አንዴ ታይቶ ቀጣዩን በስልክ የሚከታተል ሐኪም ካገኛችሁ የመንገዱ ነገር ቀለለ።

*ጸበል።* ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ ይህን መዝለል ውሸት ይሆናል። ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሄጃለሁ። እናቴ ናት የወሰደችኝ፣ ደስ ብሎኝም ነው የተመለስኩት። ከሕክምናው ጋር ሊሄድ ይችላል። አደጋው መድኃኒት አቁሞ መሄድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ።

| ቦታ | የሚለይ ባለሙያ | ጉዞ | ወጪ | ገመና | ለምን ይሻላል |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ ላይ መጠይቅ | የለም | የለም | የለም | ሙሉ | ጥርጣሬን ለማጣራት |
| ጤና ጣቢያ | ለኤዲኤችዲ አይበቃም | አጭር | ትንሽ | አነስተኛ | ሌላ በሽታ ለማጣራት፣ ሪፈር ለማጻፍ |
| ደብረ ብርሃን ሪፈራል | አለ | መካከለኛ | መድን ይሠራል | አነስተኛ | ለረጅም ክትትል |
| አዲስ አበባ፣ መንግሥት | በብዛት አለ | ረጅም | በሪፈር ዝቅተኛ፣ ጉዞው ውድ | ጥሩ | ለተወሳሰበ ሁኔታ |
| አዲስ አበባ፣ ግል | አለ | ረጅም | ከፍተኛ | በጣም ጥሩ | ለተረጋጋ የመጀመሪያ ምርመራ |

በምን መታከም?

*አነቃቂ መድኃኒቶች።* ዋናዎቹ ሜቲልፌኒዴትና የአምፌታሚን ቤተሰቦች ናቸው። ለአዋቂ በብዙ አገር መመሪያ ቀድመው የሚሰጡት እነዚህ ናቸው፤ የሚሠሩ መሆናቸው በደንብ ተፈትኗል። በዚያው ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ይሰማል። አጭሩ ሜቲልፌኒዴት 3 ወይም 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ረጅሙ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደርሳል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳሉ፣ እንቅልፍ ይረብሻሉ፣ የልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራሉ። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ግፊት፣ የልብ ምትና ክብደት ይለካል። በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ያለ ማዘዣ ከሰው እጅ መግዛት በሕግም በጤናም ጣጣ ነው። «ሱስ ያስይዛል?» ለሚለው፦ በታዘዘው መጠን፣ በክትትል ለሚወስድ ሰው አደጋው ትንሽ ነው። ጨምሮ ለሚውጥ ወይም ለፈተና ብሎ ከጓደኛ ለሚወስድ ግን እውነተኛ አደጋ ነው።

*አቶሞክሴቲን።* አነቃቂ አይደለም፣ በሱስ አይታማም። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 40 ሚሊግራም ጀምሮ ወደ 80 ይወጣል፤ ጣሪያው 100 ነው። ማቅለሽለሽና አፍ መድረቅ ያመጣል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ማቅለሽለሹ ይቀላል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም በተለይ ወጣት ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የጫት ወይም የመጠጥ ታሪክ ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ ይህኛው ይመረጣል።

*ሌሎች።* ቡፕሮፒዮን የሚባል የድብርት መድኃኒት አንዳንዴ ይሰጣል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ግን አይሆንም። ኢሚፕራሚንን የመሰሉ የቆዩ መድኃኒቶችም አሉ። ርካሽ ናቸው፤ ጥቅማቸው ከፊተኞቹ ያንሳል፣ ከመጠን በላይ ከተወሰዱም ለልብ አደገኛ ናቸው። ሌላው ሲጠፋ የሚታሰቡ ናቸው።

*የንግግር ሕክምና።* ስለ ልጅነት ቁስል ማውራት አይደለም። ሥራን መቆራረስ፣ ቀንን መያዝ፣ «በኋላ አደርገዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ መያዝ ነው የሚያስተምሩት። በሳምንት አንዴ ለሁለት ሦስት ወር ያህል ይሄዳል። ብቻውንም ይረዳል፤ ከመድኃኒት ጋር ሲሆን ደግሞ መድኃኒቱ የሰጣችሁን ትኩረት የት እንደምታውሉት ያሳያችኋል።

*ጫትና ቡና።* «ስቅም ነው ቀልቤ የሚሰበሰበው» የሚል ሰው አውቃለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ውሸት አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ምርቃናው ላይ ደብተር ይያዛል። ግን መጠኑ አይታወቅም፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ማግስቱ ድባቴ ነው። ለመብረድ ጨብሲ ይመጣል፤ አረቄ ደግሞ በእኛ ከተማ ሩቅ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በበኩሉ ኤዲኤችዲ የሌለውም ያለበት ይመስላል። ጫት ከአነቃቂ መድኃኒት ጋር ሲደመር ልብ ላይ ጫና ነው። ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ። ካልነገራችሁት የሚያዝላችሁ ለማያውቀው ሰው ነው። ቡና ጥቂት ያነቃል፣ ሕክምና ግን አይደለም።

አንድ የእኛ አገር ጥያቄ አለ፤ ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ከባድ ይሆናል። የአቶሞክሴቲንን ሰዓት ከምግቡ ጋር ማዛወር ይቻላል፣ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ሳይሆን አስቀድማችሁ አንሱት።

ለማን የቱ?

መንዝ ወይም ይፋት ያለ፣ ገቢው አነስተኛ፣ መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ ደብረ ብርሃን ይሂድ። ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ወይም ከሌላ ጉዳይ ጋር ያገጣጥም። መድኃኒት ሲያዝለት እዚያው ከተማ ፋርማሲ ደውሎ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ከሌለ ከከተማው ሳይወጣ ሐኪሙ ጋ ይመለስ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ በቅድሚያ እንቅልፋችሁን ለሁለት ሳምንት አስተካክሉ። የማታ ጥናትና ጫት ብቻ የፈጠረው መዘንጋት ብዙ ነው። ካልተለወጠ ሪፈራል ሂዱ።

ገንዘብ ያለው፣ ጊዜ የሌለው ነጋዴ ወይም ሹፌር የመጀመሪያውን ምርመራ ግል ያድርግ፣ የሐኪሙን ማስታወሻ በጽሑፍ ይቀበል፣ ክትትሉን ወደ ደብረ ብርሃን ያምጣ። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው፤ ከከሰርኩት 260 ኪሎ ሜትር በኋላ።

ከጦርነት ወይም ከመፈናቀል በኋላ ቀልቡ የጠፋበት ሰው ሌላ መንገድ ነው። መደንበር፣ ቅዠትና የትኩረት መጥፋት ከሰቀቀን ይመጣሉ። ልጅነቱ ላይ ካልነበረ ኤዲኤችዲ አይደለም፤ ግን ይታከማል፣ ያው የአእምሮ ክፍል ነው የሚያየው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ ወይም ለመውለድ ያሰበች ደግሞ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ይህንን ትናገር።

ሲሄዱ የሚያዝ

ሐኪሙ ስለ ልጅነታችሁ ይጠይቃል። በሌላ አገር የትምህርት ቤት ሪፖርት ያመጣሉ። የእኔ ካርድ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ስለ ትምህርት ስትጠየቅ «ደህና ነበር» አለች። ስለ እረኝነት ሲጠይቃት ግን አላቆመችም። በጎቹን ሰው ገብስ ውስጥ ለቅቄ ቢራቢሮ ስከተል የተያዝኩትን፣ ውሃ ቅዳ ተብዬ ጀሪካኑን ምንጩ ላይ ትቼ ባዶ እጄን የመጣሁትን፣ አንድ በአንድ ተናገረች። ሐኪሙ እየሳቀ ጻፈ። እናንተም እናት፣ ታላቅ እህት ወይም አብሮ አደግ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ በስልክ ይናገሩ። የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ፎቶ አንሱ። ጥያቄያችሁን ጻፉ፤ ትረሱታላችሁ።

ስትወጡ የቀጠሮ ካርዱን እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። «8:00» ካለ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» በሉና ቃሉን ራሳቸው ይጻፉበት። ከዚያ በሩ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ፤ አንዱን ለዋዜማው ማታ፣ አንዱን ለመነሻው ሰዓት።